የጣሪያ ውሃ ለልጅ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው አሶሳ፣ ገነተ ማርያም ነው። ቧንቧው ሲጠፋብን ከቆርቆሮ ጣሪያችን የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል እናጠራቅማለን። ጎረቤቶቼ «የእግዜር ውሃ ምን ይሆናል» ይሉኛል። የሁለት ዓመት ልጄን ላጠጣው?

መልስ፦ ለልብስና ለወለል ያለ ሐሳብ ይጠቀሙበት። ለልጅዎ ግን ሳያክሙት አይስጡ።

ዝናቡ ከሰማይ ሲወርድ እምብዛም ችግር የለበትም፤ የሚበከለው ጣሪያውና በርሜሉ ላይ ነው። እናንተ ጋ በጋው ረጅም ነው። ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ቆርቆሮው ላይ አቧራ፣ የሰደድ እሳት አመድ፣ የማንጎ ቅጠል፣ የወፍና የሌሊት ወፍ ኩስ ይከማቻል። ኩሱ ሳልሞኔላን የመሰሉ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የወቅቱ የመጀመሪያ ዝናቦች ጣሪያውን ይጠቡልዎ እንጂ በርሜል ውስጥ አይግቡ። ከዚያም በኋላ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚወርደውን ይድፉ። አይሳሱለት፤ 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ይሆናል። እሱን ቢደፉ ደህና ዝናብ በርሜሉን ይሞላልዎታል።

ለመጠጥ የሚሆነውን በንጹሕ ነጠላ አጥልለው ያፍሉት፤ በአሶሳ ከፍታ ተንፈቅፍቆ 1 ደቂቃ ከቆየ ይበቃል። ማገዶ ካጠረ ውሃ አጋር የተባለውን ክሎሪን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የታከመውን ክዳን ባለው ጀሪካን ያስቀምጡና እየቀዱ ይጠጡ፤ ኩባያ የሚነከርበት ውሃ በእጅ መልሶ ይበከላል። ጣሪያዎ እርሳስ ያለበት አሮጌ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ማፍላትም ክሎሪንም እርሳሱን አያወጡትም፤ ያን ውሃ አይጠጡ።

ጥያቄ፦ በርሜሉ ውስጥ የሚወራጩ ትናንሽ ትሎች አሉ። ሆድ ውስጥ ይራባሉ?

መልስ፦ አይራቡም፤ የትንኝ እጮች ናቸው። በሙቀት ወቅት በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ ክንፍ አውጥተው ይበራሉ፤ የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ወባ አምጪዋ ትንኝ ብዙውን ጊዜ የምትራባው መሬት ላይ ባቆረ ውሃ ነው። ነገር ግን በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው ሌላዋ የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ በርሜልና ሮቶ ትወዳለች፣ ከተማም ትለምዳለች። ወባ በሚበረታበት በቤንሻንጉል ጉሙዝ በርሜል ክፍት መተው አይገባም። አፉን በክዳን ወይም በጥቅጥቅ መረብ ይሸፍኑ። ሲጎድልም የውስጥ ግድግዳውን በብሩሽ ይፈግፍጉት፤ ዴንጊ የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን እዚያ ላይ ትለጥፋለች።

ልጁን ተቅማጥ ከያዘው ኦአርኤስ በታከመ ውሃ በጥብጠው ይስጡት፤ ጡትም ምግብም አይከልክሉት። ደም ከታየ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳይመሽ ጤና ጣቢያ ያድርሱት።