ኬዙን ክፈቱት!

ጎንደር ላይ የአይቲ ድጋፍ ትምህርት የጀመራችሁ ወጣቶች፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደብተራችሁ በምን እንደሚሞላ አውቃለሁ፦ ራም፣ ሮም፣ ሲፒዩ፣ ዲኤችሲፒ፣ ዲኤንኤስ፣ ፋየርዎል። ብዙ ጎበዝ ተማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ይህ ሙያ የእኔ አይደለም» ይላል። ተሳስቷል! እነዚህ ቃላት የሚገቡት በእጅ ነው። እያንዳንዱን ቃል ከሚዳሰስ ዕቃና ከአንድ ብልሽት ጋር አቆራኙት፤ ከዚያ በኋላ ልርሳው ብትሉም አትረሱትም።

የሲሞስ ባትሪን እንውሰድ። ማዘርቦርድ ላይ የተቀመጠች፣ ሳንቲም የምታክል የ3 ቮልት ባትሪ ናት። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲለያይ ቀንና ሰዓቱን የምትጠብቅለት እሷ ናት። ስትደክም ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ባለቤቱም ዕቃውን ተሸክሞ ይመጣና «ኢንተርኔት እምቢ አለኝ» ይላችኋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ብሮውዘሩ አንድን ድረ ገጽ ከማመኑ በፊት የገጹ ሰርተፊኬት የሚሠራበት ጊዜ እንደጀመረና እንዳላለፈ በኮምፒውተሩ ቀን ያመሳክራል። ቀኑ ከተዛባ ያስጠነቅቃል፣ ገጹንም ላይከፍት ይችላል። አያችሁ? አንዲት ባትሪ ሃርድዌሩንም ኔትወርኩንም ደኅንነቱንም በአንድ ቁጭታ አስተማረቻችሁ።

የምትኖሩበት አገር ራሱ መምህር ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃ የሚያነበው ጭንቅላት የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ነው። አየር ሲሳሳ ከሚሽከረከረው ሳህን ጋር የመነካካት ዕድሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ ብዙ አምራቾች የሥራ ከፍታውን 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ይወስኑታል። ከደባርቅ ወጥታችሁ ወደ ስሜን ተራሮች ስትዘልቁ ሳንቃበር ላይ ይህ ወሰን ይታለፋል። ሌላው የመረጃ ማከማቻ፣ ኤስኤስዲ፣ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። እንዲያ ባለ ከፍታ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ኬላ ኮምፒውተር ሊገዛ ሲያማክራችሁ የምትሉት አላችሁ ማለት ነው።

ሙያን በተግባር ማስተማር ለጎንደር አዲስ አይደለም። ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እዚሁ ተከፈተ። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በቡድን እየሆኑ ወደ ሕዝቡ ወርደው ነበር የሚማሩት። የአይቲ ድጋፍ ሠራተኛም እንደ ጤና መኮንን ነው፦ መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ይመለከታል፣ ከዚያ ይመረምራል፣ መድኃኒቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ምን ሆነ? ከመቼ ጀምሮ? ከዚያ በፊት ምን ተነካ?» ብሎ የሚጠይቅ ጀማሪ፣ ሳይጠይቅ ዊንዶውስ ከሚጭን ነባር ባለሙያ ይበልጣል።

«ኔትወርክ እንዳልለማመድ ኢንተርኔት የለም» የምትሉም አላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር ችግሩን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ኔትወርክና ኢንተርኔት ይለያያሉ! ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ አንድ ስዊች፣ ጥቂት ሜትር የዩቲፒ ኬብልና ክሪምፐር ካላችሁ ቤተ ሙከራ አላችሁ። ስምንቱን ሽቦዎች በቀለማቸው ደርድሩ፣ ፒንግ አድርጉ፣ ፋይል ተለዋወጡ። ራውተር ካለበት ኔትወርክ ላይ ደግሞ አይፒው በ169.254 ሲጀምር ካያችሁ፣ ኮምፒውተሩ አድራሻ ከሚያድለው ዲኤችሲፒ መልስ አጥቷል ማለት ነው፤ ከኬብሉ ተነስታችሁ ወደ ስዊቹ፣ ከዚያም ወደ ራውተሩ ሂዱ። በአይፒ ቁጥር ተገናኝቶ በስም ሲጠራ ዝም ካለ ዲኤንኤሱን ጠርጥሩ።

ወደ ደኅንነት ስንመጣ፣ የፍላሽ ቫይረስን የማያውቅ የለም። ፋይሎቹን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚተካው ቫይረስ ስንቱን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉ የጠፋ አስመስሎ አስለቅሷል። ብዙ ጊዜ ፋይሉ እዚያው አለ፤ የተደበቀ ፋይል እንዲታይ ስታዙ ብቅ ይላል። ስለዚህ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቫይረሱን አጽዱ፣ ፋይሉን አውጡ፣ ሌላ ቦታም ቅጂ አስቀምጡ።

ሌላው ከሁሉ የሚበልጥብኝ ነው። የደንበኛችሁን የይለፍ ቃል ወይም የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር አትጠይቁ። ራሱ ያስገባ፤ እናንተ ፊታችሁን አዙሩ። አዛውንት እናት ስልካቸውን አምነው ሲሰጧችሁ «እማማ፣ ቁጥሩን እርስዎ ይጻፉት፤ ለእኔም ቢሆን አይንገሩኝ» የሚል ልጅ፣ በአንድ ቃል ደንበኛም አተረፈ፣ እሳቸውንም ከነገው አጭበርባሪ ጠበቀ።

የሙያ ብቃት ምዘናው፣ ሁላችሁም ሲኦሲ የምትሉት፣ የተግባር ፈተናም አለው። ኬብል ትሠራላችሁ፣ ኮምፒውተር ትገጥማላችሁ። እንግዲህ ትምህርት ቤታችሁ ወይም የሠፈራችሁ ጥገና ቤት ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ኬዝ ካለ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ ክፈቱት። ፓወር ሰፕላዩን ግን አትፍቱት፤ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይይዛል። የቀረውን አንድ በአንድ በስሙ እየጠራችሁ አውጡ፣ መልሳችሁም ግጠሙት። ዛሬ ጀምሩ!