በየቤቱ ስላለው የጕድጓድ ውኃ አጠባበቅ

የመንዝና የግሼ ምድር ብርዳም ደጋ ነው፤ ብዙው ስፍራ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። መርሐቤቴም ከደጋው አፋፍ ጀምሮ ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆ ይወርዳል። በዚህ አገር ብዙው ሰው ከምንጭና ከወንዝ ይቀዳል፤ አንዳንዱ ግን በጓሮው ጕድጓድ ቆፍሮ ለቤተ ሰቡ ያደርገዋል። ሴት ልጁን ከሩቅ እንስራ ተሸክሞ ከመመላለስ ያድናታልና ሥራው የሚመሰገን ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197፥ ለቤት የሚሆን ውኃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ እንዲቀድም ያዛል፤ በእጅ ለሚቆፈር ጕድጓድም ፈቃድ እንደማያስፈልግ ይደነግጋል። ይህ ለገበሬው ድካም ያቀልለታል፤ ዳሩ ግን ፈቃድ ያልተጠየቀበትን ጕድጓድ መርማሪም ሳያየው ሊቀር ይችላል። መስኖ ባለበት አገር ተራ የሚያካፍል የውኃ አባት ይመረጣል፤ የጓሮ ጕድጓድ የውኃ አባት ግን ባለቤቱ ራሱ ነው።

ብዙ ሰው ውኃ ጠርቶ ሲያየው ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1854 በሎንዶን ከተማ ኮሌራ በገባ ጊዜ፥ ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ ብሮድ ስትሪት ከሚባለው ጎዳና ጕድጓድ ይጠጡ እንደ ነበር ቤት ለቤት ጠይቆ ደረሰበት፤ የመቅጃውም እጀታ እንዲነቀል አደረገ። በኋላ ሲቆፈር ከጕድጓዱ አጠገብ የነበረ የአንድ ቤት የዕዳሪ ጕድጓድ ወደ ውኃው ይሰርግ እንደ ነበር ታየ። ተቅማጥና የአንጀት ተስቦ የሚያመጡትም ተሕዋስያን እንዲሁ በዓይን አይታዩም።

ስለዚህ የውኃ ጕድጓድ ከመጸዳጃ ቤትና ከከብት በረት በላይ በኩል ይቆፈር፤ ከ30 ሜትርም ያላነሰ ይራቅ። በክረምት ጎርፍ እበቱን ጠርጎ ይወርዳልና፥ አፉ በድንጋይና በሲሚንቶ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይገንባ፤ ክዳን ይኑረው፤ የፈሰሰውም ውኃ በቦይ ይራቅ። በመንዝ ድንጋይ አይታጣም፤ ወጭ የሚያስወጣው ሲሚንቶው ነው። ባልዲውና ገመዱ መሬት ላይ ከተጣሉ ግን የግንቡ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ መቅጃው አንድ ብቻ ሆኖ ተሰቅሎ ይቀመጥ።

ንጹሕ ውኃም ከቤት ገብቶ ይበላሻል። ልጅ ባልታጠበ እጁ ጣሳ ሲነክርበት ያድፋል። አንገተ ጠባቡ እንስራ በዚህ ነገር ከሰፊው ባልዲ ይሻላል፤ ውኃው ተዘንብሎ እንጂ ተጨልፎ አይቀዳምና።

የሚያጠራጥር ውኃ ይፈላ። በ3000 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፥ በደጋ አገር ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ይቈይ። ማገዶው ኩበት ለሆነበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እንዲህ ሲሆን ለመጠጥ ውኃ የተዘጋጀ ክሎሪን በታዘዘው ልክ ይጨመርበት። ጎርፍ የገባበት ጕድጓድ ግን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይነገር፤ ተጠርጎ በክሎሪን እስኪታከም ድረስ የመጠጥ ውኃ ከሌላ ስፍራ ይቀዳ።