በዕድሜ የገፋች ድመት ከመጠለያ ስንወስድ ማወቅ ያለብን



በዚህ እትም የምናነሣው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። የጤና ጽሑፍ ስለ ድመት ምን አገባው የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን ቤት ለቤት ስዞር ስለ ድመት ያልተጠየቅሁበት ሠፈር ጥቂት ነው። ልጆች ድመት እናምጣ ብለው ያለቅሳሉ፤ ወላጆች በሽታ ታመጣለች ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ይሉኛል፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ቤቱ ዝም አለብኝ" ይላሉ።

በቅድሚያ የራሴን ስሕተት ልናገር። በሥራው አዲስ በነበርሁበት ጊዜ የምጎበኛቸው አንዲት እናት ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤት ውስጥ የቀረቻቸው 11 ዓመት አብራቸው የኖረች ግራጫ ድመት ብቻ ነበረች። ሴት ልጃቸው አርግዛ ከእርሳቸው ጋር ለመቀመጥ ስትመጣ፣ ድመቷ ለፅንሱ አደገኛ ናት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም በደንብ ሳላጣራ "ለጥንቃቄ ብትወጣ ይሻላል" አልኋት። በሳምንቱ ድመቷ ወደ እንስሳት መጠለያ ተወሰደች። እናትየው አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ከዚያ በኋላ ግን የደም ግፊት ክኒናቸውን መርሳት ጀመሩ። ምክንያቱን ስንፈልግ፣ ለካ ክኒኑን የሚውጡት ጠዋት ድመቷን ሲያበሏት ነበር። ድመቷ ስትሄድ ማስታወሻቸውም አብሮ ሄደ።

የነርስነት ትምህርት ስጀምር ነገሩን በትክክል ተማርሁ፤ ምክሬም የተሳሳተ እንደነበር ገባኝ። ዛሬ የምጽፈው ሌላ ቤተሰብ በእንደዚህ ዓይነት ምክር እንዳይጎዳ ነው።

ስለ እርግዝናና ስለ ድመት

የሚያስፈራው በሽታ ቶክሶፕላዝሞሲስ ይባላል። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። ተሕዋሱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. ቱኒስ ውስጥ አይጥ በምትመስል ትንሽ እንስሳ ላይ ተገኘ። የድመት ሰገራ እንደሚያስተላልፈው የተረጋገጠው ግን ከ60 ዓመት በኋላ ነው። አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት ከተያዘች ፅንሱ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ድመት ተሕዋሱን በሰገራዋ የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ ስትያዝ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ነው። ይህም ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ገና አደን በምትጀምርበት በልጅነቷ ነው። ቤት ውስጥ የምትቀመጥ፣ አይጥና ወፍ የማታድን፣ ጥሬ ሥጋ የማትበላ አሮጊት ድመት ከሁሉም ያነሰ ሥጋት ያላት ናት። ሁለተኛ፣ ሰገራው ወጥቶ ሰውን ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። በየቀኑ የሚጸዳ አሸዋ እንግዲህ በአብዛኛው አይጎዳም። ሦስተኛ፣ ሰው በዚህ በሽታ በብዛት የሚያዝበት አንዱ መንገድ በደንብ ያልበሰለ ሥጋ ነው፤ ያልታጠበ አትክልትና የአትክልት ቦታ አፈርም እንዲሁ ናቸው። ድመቷን አስወጥቶ ሰላጣውን ሳያጥቡ መብላት ምን ይጠቅማል?

እርጉዝ ሴት ባለችበት ቤት የድመቷን አሸዋ ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ። ሌላ ሰው ከሌለ ጓንት ታድርግ፤ ከዚያም እጇን በሳሙና ትታጠብ። በቲፓት ሃላቭ ወይም በኩፓት ሆሊም ለሚከታተላት ሐኪም ቤት ውስጥ ድመት እንዳለች ትንገር፤ አስፈላጊ ከሆነ የደም ምርመራ ያዝላታል። በሌላ በሽታ ወይም በመድኃኒት ምክንያት የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰውም፣ ለምሳሌ የካንሰር ሕክምና የሚወስድ፣ ድመት ከማምጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

"ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ"

ይህን ተረት የምንጠቀምበት ሰውን ለመውቀስ ነው። ከመጠለያ ድመት ለሚወስድ ሰው ግን መልካም ዜና ነው። የሁለት ወር ግልገል ድመት ስታድግ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚኖራት ማንም አያውቅም። የ10 ዓመቷ ግን ዓመሏ ታውቋል። ልጅ ትወድ እንደሆነ፣ ትቧጭር እንደሆነ፣ እቅፍ ላይ የምትተኛ ወይም ከሩቅ የምታይ እንደሆነች የመጠለያው ሠራተኞች በየቀኑ ስለሚያዩ ይነግሯችኋል። አሮጊት ድመት መጋረጃ ላይ አትወጣም፤ ሌሊት ቤቱን አታምስም፤ አብዛኛውን ቀን ትተኛለች።

ሆኖም ሰው ወደ መጠለያ ሲሄድ ዓይኑ የሚያርፈው ግልገሎቹ ላይ ነው። ያደጉት በኋላ በኩል ተኝተው ይቀራሉ። በሰው ዕድሜ ሲሰላ የ10 ዓመት ድመት ወደ 56 ዓመት ገደማ፣ የ15 ዓመቷ ደግሞ ወደ 76 ትጠጋለች። በቤት ውስጥ በደንብ የተያዘች ድመት 15 ዓመትና ከዚያም በላይ መኖሯ የተለመደ ነው። ለ75 ዓመት አዛውንት 18 ዓመት ልትኖር የምትችል ግልገል መስጠት ለሁለቱም አይበጅም ባይ ነኝ።

በአገራችን፣ በጎንደርም ሆነ በትግራይ መንደሮች፣ ድመት የእህል ጠባቂ ነበረች። ጎተራውን ከአይጥ ትጠብቃለች፤ ትንሽ ፍርፋሪ ይጣልላታል፤ አልጋ ላይ የሚያወጣት አልነበረም። ዛሬም ቢሆን አልጋ ላይ አትወጣም የምትሉ ሽማግሌዎች መብታችሁ ነው። ድመቷ የራሷ ጥግ፣ የራሷ ብርድ ልብስ ካላት ይበቃታል። ልጆቻችሁም ይህን የቤት ሥርዓት ያክብሩ።

ከመጠለያው ምን እንጠይቅ?

እንዳትወልድ ተደርጋ እንደሆነ፣ የካሌቬት ማለትም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዳላት፣ ሽቫቭ የሚባለው መለያ ከቆዳዋ ሥር ገብቶ እንደሆነ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ የደም ምርመራ ውጤቷን ጠይቁ። በዕድሜ የገፉ ድመቶች ኩላሊታቸው ቶሎ ይደክማል። ብዙ ውሃ መጠጣት፣ ብዙ መሽናትና መክሳት ምልክቶቹ ናቸው። ጥርሷንም ይዩላችሁ። የኩላሊት ሕመም ያለባት ድመት ልዩ ምግብ እየበላች ዓመታት ልትኖር ትችላለች፤ ወጪው ግን ከኪሳችሁ ነው። ከጡረታ ገንዘብ የሚኖር ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። አፍሮ ዝም ማለት አያስፈልግም።

አስም ወይም አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ከመወሰናችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፤ ልጁንም ይዛችሁ መጠለያው ሄዳችሁ ከድመቷ ጋር ጥቂት ጊዜ ተቀመጡ። አለርጂ የሚያስነሣው ከምራቋና ከቆዳዋ የሚወጣው ነገር ነው። ድመቷ ከቤት ከወጣች በኋላም ለወራት በምንጣፍና በሶፋ ላይ ይቆያል። ስለዚህ "እንሞክራት፣ ካልሆነ እንመልሳታለን" ማለት ለልጁም ለድመቷም ጉዳት አለው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

መጀመሪያ በአንድ ትንሽ ክፍል ብቻ ትቀመጥ፤ ምግብ፣ ውሃ፣ የአሸዋ ሳጥንና የምትደበቅበት ካርቶን ይኑራት። ከአልጋ ሥር ገብታ ለቀናት ባትወጣ አትጨነቁ፣ አትጎትቷትም። ያስለመዳትን ቤት ያጣች ናት። ምግብ ፈጽሞ ካልበላች ግን አትጠብቁ። ለሁለት ቀን ያህል ባዶ ሆዷን የቆየች ድመት ጉበቷ ሊጎዳ ይችላልና ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። ምግቡን ትንሽ ማሞቅ ሽታውን ስለሚያወጣው ብዙ ጊዜ ይረዳል። የአሸዋው ሳጥን ጠርዝ ዝቅ ያለ ይሁን፤ እርሷም እንደኛው ጉልበቷን ያማታል።

ወጥ አትስጧት። እጅ የሚፈታተን ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን የድመትን ደም ይመርዛሉ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ የለም። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀቷን ይወጋል። ወተትም ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። አደራ የምለው ግን ስለ አካሞል ነው። ድመቷ አመማት ብላችሁ ለእናንተ ከታዘዘው ክኒን እንዳትሰጧት። አንድ ክኒን አካሞል ድመትን ሊገድል ይችላል። በውሻ ላይ የሚደረገው የቁንጫ መድኃኒትም አንዳንዱ ለድመት መርዝ ነው።

ለአረጋውያን ልዩ ጥንቃቄ

እኔን ከበሽታ ይልቅ የሚያሳስበኝ መውደቅ ነው። ድመት በተለይ ምግብ ስትጠብቅ እግር ሥር ትጠማዘዛለች። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ መብራት ይብራ። ድመቷን ስታበሉ ተቀምጣችሁ አብሉ። ወገባችሁን የሚያማችሁ አሸዋውን ለማጽዳት ረጅም እጀታ ያለው ማንኪያ ግዙ።

እንደ ኩማዲን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ትንሽ ጭረት ብዙ ሊያደማችሁ ይችላል። ጥፍሯን በየጊዜው ጫፉን ማስቆረጥ ይበቃል። ጥፍርን ከሥሩ ማስነቀል ያለ ሕክምና ምክንያት ከ2011 ጀምሮ በእስራኤል አገር በሕግ የተከለከለ ነው። የድመት ንክሻ ሲታይ ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ጥርሷ ግን ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ቁስሉ ጥልቅ ነው፤ እጅም በአንድ ቀን ውስጥ ሊያብጥ ይችላል። ስኳር በሽታ ያለባችሁ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የማታውቋት የመንገድ ድመት ከነከሰቻችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና እጠቡ፤ ከዚያም ስለ ካሌቬት ክትባት ወደ ሊሽካት ሃብሪዩት ሳትዘገዩ ሂዱ። ካሌቬት ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድንበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል።

ግራጫዋ ድመት

ወደ መጠለያው የሄድሁት ከ7 ወር በኋላ ነው። እዚያው ነበረች፤ ከስታ፣ ፀጉሯ ተቆላልፎ። እናትየው ዘንድ ልመልሳት አልቻልሁም፤ ሕፃኑ ተወልዷል፣ ልጃቸውም አልፈለገችም፣ ልፈርድባት አልችልም። በዚያው ሕንጻ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ግን ነገሩን ሰምተው "እኛ ጋ ትምጣ" አሉ። ባልየው መጀመሪያ "ድመት በዚህ ዕድሜያችን?" ብለው ነበር። ሚስትየው "እርሷም በዚህ ዕድሜዋ" አሏቸው። እናትየው ጠዋት ጠዋት ወርደው ያበሏት ጀመር፤ ክኒናቸውንም እዚያው፣ ከቡናው ጋር ይውጡ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አደረግን፤ እናንተም አድርጉት። በማቀዝቀዣው ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍን፦ የድመቷ ዕድሜ፣ የምትበላው ምግብ፣ የእንስሳት ሐኪሟ ስልክ፣ ባለቤቶቹ ሆስፒታል ቢገቡ ወይም ቢያርፉ የሚወስዳት ሰው ስም። ያ ሰው አስቀድሞ ተጠይቆ እሺ ያለ መሆን አለበት። በ1994 የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ እንስሳን ጥሎ መሄድን ይከለክላል፤ ልጆቻችሁ በሐዘን ቀን "ድመቷን የት እናድርጋት?" ብለው ግራ እንዳይጋቡም ይረዳል። በእኛ ወረቀት ላይ የተጻፈው ስም የሴት ልጅዋ ነበር። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሲሞላው ራሷ መጥታ አጻፈችው።