ዳር የቆሙት ልጆች የት ገቡ?

ዛሬ ባለፊልም ካሜራ የሚይዝ ሰው ጥቂት ነው። ቢሆንም መሣሪያው ለእኛ ለእጩ መምህራን ጥሩ ትምህርት አለው፤ ብልሽትን በግምት ሳይሆን በምርመራ ማግኘትን ያስተምራል። ለምሳሌ የምንወስደው ፔንታክስ ኬ 1000 የተባለውን ነው። ይህ ካሜራ በጃፓኑ አሳሂ ኦፕቲካል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ወጥቶ እስከ 1997 ድረስ ተመርቷል።

እንግዲህ 40 ተማሪዎች ተሰልፈው የክፍል ፎቶ ተነሡ እንበል። ፊልሙ ታጥቦ ፎቶው ሲወጣ አንዱ ጎን ጥቁር ነው፤ ዳር የቆሙት 3 ልጆች የሉም! አንዱ “የባትሪው ድንጋይ አልቆ ነው” ይላል፤ ሌላው “ፊልሙ አሮጌ ነው” ይላል። ታዲያ በግምት ሌላ ፊልም ብናባክን ልጆቹ ለእረፍት ከተበተኑ በኋላ ማን ይሰበስባቸዋል?

በመጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ። ቁልፉን ስንጫን በሌንሱና በፊልሙ መካከል ያለው መስታወት ወደ ላይ ይነሣል። ቀጥሎ ከፊልሙ ፊት ያሉ ሁለት የጨርቅ መጋረጃዎች ወደ ጎን ይሮጣሉ፤ አንደኛው ይከፍታል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይዘጋል። ፍጥነቱ 1/60 ሰከንድ ሲሆን ሁለተኛው የሚነሣው አንደኛው ሩጫውን ከጨረሰ በኋላ ነው። በ1/1000 ግን ወዲያው ይከተለዋል፤ በመካከላቸው የሚቀረው ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው። የአንደኛው ቅባት ደርቆ ሩጫው ከዘገየ ሁለተኛው ይደርስበትና ክፍተቱ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ፊልም ብርሃን አያገኝም።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ።

አንደኛ፦ ፎቶው በፍላሽ ተነሥቶ እንደሆነ እንጠይቅ። ይህ ካሜራ ከፍላሽ ጋር የሚስማማው እስከ 1/60 ነው። በ1/125 ወይም ከዚያ በላይ በፍላሽ ከተነሣ ካሜራው ጤነኛ ቢሆንም አንድ ጎን ይጠቁራል።

ሁለተኛ፦ ባትሪውን እናውጣ። በኬ 1000 ባትሪ የሚያገለግለው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው፤ መጋረጃው በምንጭ ኃይል ይሠራል። ስለዚህ ባትሪው ከዚህ ወንጀል ነጻ ነው።

ሦስተኛ፦ ፊልም አለመኖሩን አረጋግጠን ሌንሱን እንንቀል፤ የኋላውን ክዳንም እንክፈት። ካሜራውን ወደ ብሩህ ነጭ ግድግዳ አዙረን (ወደ ፀሐይ በፍጹም!) በ1/1000 እየወጠርን ከኋላ እያየን 10 ጊዜ እንጫን። ብርሃኑ 36 ሚሊ ሜትሩን ስፋት በሙሉ ካልሸፈነ ጥፋተኛው መጋረጃው ነው። በተለይ የመጀመሪያዋን ልብ በሉ፤ ተቀምጦ የከረመ ካሜራ ሕመሙን የሚያሳየው ያኔ ነው።

አራተኛ፦ ሌላ ምንም ሳንነካ ፍጥነቱን ብቻ ወደ 1/500፣ 1/250፣ 1/125 እና 1/60 እያወረድን እንድገመው። ውጤቱንም በወረቀት እንጻፍ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር የለወጠ ሰው የትኛው እንደፈታው አያውቅም።

በ1/1000 ጎኑ ጠቁሮ በ1/125 ሙሉ ከሆነ ለጊዜው በ1/125 መሥራት ይቻላል። ደማቅ ፀሐይ ባለበት፣ ባለ 100 ፊልም ይዘን፣ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ ብናደርግ የክፍል ፎቶው ይወጣል። ነገር ግን ዓይን የሚይዘው ጉልህ ብልሽት ብቻ ነው፤ ጥቃቅኑን የባለሙያ መለኪያ ያገኘዋል። የደረቀውን ቅባት ማጽዳትና ምንጩን ማስተካከልም የባለሙያ ሥራ ነው።

ዘይት ጠብ ማድረግ፣ መጋረጃውን በጣት መንካት፣ በአፍ እፍ ማለት ክልክል ነው! ዘይቱ ወደ ጨርቁ ይሄዳል፤ ምራቅም እድፍ ይተዋል። ገና ሳይመረምሩ ብሎን መፍታት ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

በክፍላችንም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። አንድ ተማሪ ሒሳብ ሲያቅተው “ሰነፍ ነው” ማለት ልክ “ባትሪው ነው” እንደማለት ነው። መደመሩን፣ መቀነሱን፣ ሰሌዳው ይታየው እንደሆነ፣ አንድ በአንድ እንጠይቅ።

ለአንባብያን ጥያቄ፦ ጥቁሩ ከጎን ሳይሆን በፎቶው ግርጌ በኩል ቢሆን የትኛውን የካሜራ ክፍል ትጠረጥራላችሁ? ለምን?