ቡችላን በጉርሻ ማስተማር

ውሻ ለእኛ ለገበሬዎች ብዙ ጥቅም ይሰጣል። ሌሊት ሌባ ሲመጣ ይጮሃል። ጅብና ቀበሮ ወደ በረት እንዳይጠጉ ይከላከላል። ነገር ግን በደንብ ያልተማረ ውሻ ጉዳት ያመጣል።

ከዚህ በፊት አንድ ቡችላ ነበረን። ኃይለኛ እንዲሆን ብለን በዱላ እየመታን አሳደግነው። አንድ ቀን ጠዋት እሳት ልትጭር የመጣችውን የጎረቤት ልጅ ነከሳት። ጤና ጣቢያ ወስደን አስከተብናት፤ ዳነችም። እኛ ግን አፈርን። ሰው ማለት ዱላ የያዘ ጠላት ነው ብለን ውሻውን ያስተማርነው እኛው ነን።

«ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይባላል። ውሻ ጥቅም ያገኘበትን ነገር ይደጋግማል። ስለዚህ ቡችላን በዱላ ሳይሆን በጉርሻ እናስተምረው። ይህ ወጪ የለውም። በየቀኑ ከምንጥልለት ፍርፋሪ ላይ ቆንጥረን፣ የታዘዘውን ሲፈጽም መስጠት ብቻ ነው።

እንዴት እናስተምረው?

1ኛ/ ሲጠራ መምጣት። ስሙ መከታ ከሆነ «መከታ፣ ና!» እንበለው። ሲመጣ ወዲያው እናጉርሰው፤ «ጎበዝ!» እንበለው። ከቆየን ለምን እንደተሰጠው አያውቅም። ጠርተነው ከመጣ በኋላ ፈጽሞ አንምታው። መጥቶ የተመታ ቡችላ ሁለተኛ ሲጠሩት ይሸሻል።

2ኛ/ መቀመጥ። ቁራሹን ከአፍንጫው ከፍ አድርገን እንያዝ። ቀና ብሎ ሲያይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ «ተቀመጥ» ብለን እንስጠው።

3ኛ/ አለመንከስ። ሲጫወት እጃችንን ከነከሰ ጨዋታውን አቁመን ፊታችንን እናዙር። ሲተው እንደገና እናጫውተው።

4ኛ/ ሰውና ከብት መልመድ። ቡችላ እስከ 3 ወር ዕድሜው ያየውን ቶሎ ይለምዳል። ልጆችን፣ እንግዶችን፣ በጎችንና ዶሮዎችን ቀስ እያልን እናሳየው። ረጋ ብሎ ሲያይ እናጉርሰው። ከፈራ አንጎትተው፤ ራቅ አድርገን እንጀምር።

በአንድ ጊዜ ከ5 ደቂቃ በላይ አናስተምረው፤ ይሰለቻል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል።

አንዳንዶቻችን «ሰው የለመደ ውሻ ሌባ አይጠብቅም» እንላለን። ይህ ስሕተት ነው። ጎረቤቱን የለየ ውሻ ሌሊት እንግዳ ኮቴ ሲሰማ ይጮሃል። በዱላ ያደገ ውሻ ግን ወይ ይሸሻል፣ ወይ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል።

ጠባየ መልካም ውሻም በእብድ ውሻ በሽታ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ 3 ወር ሲሞላው እናስከትበው። ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበን ሰውየውን ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል።

ጥያቄዎች
1. የጎረቤት ልጅ የተነከሰችው በማን ጥፋት ነው? ለምን?
2. ጉርሻው ወዲያው መሰጠት ያለበት ለምንድን ነው?
3. ውሻ ሰው ቢነክስ በመጀመሪያ ምን እናደርጋለን?