ማሳሰቢያ፦ በክረምት ከጉለሌ ወደ ሰሜን ለሚጓዙ

ክረምት ሲገባ ከጉለሌ ወደ ሰሜን ብዙ መኪና ይወጣል። ለፍልሰታ ጾም ወደ ገዳማት፣ ነሐሴ 24 ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ለእንቁጣጣሽ ደግሞ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጎጃም፣ ወደ ጎንደርና ወደ ወሎ። ሃይሩፍ ተከራይቶ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ጭኖ፣ መኪናው ውስጥ እያደረ የሚሄድ ማኅበርና ቤተሰብም አለ። ይህ ማሳሰቢያ በተለይ ለእነዚህ ነው። በክረምት መንገድ የሚመረጠው ኪሎ ሜትሩ ስላጠረ አይደለም፤ ቁልቁለቱ ላይ በምን ሰዓት እንደሚደረስና በዚያው ጠዋት ስለ መንገዱ ምን እንደተሰማ ታይቶ ነው።

መንገድ ሲመርጡ

1. ሁለቱን መውጫዎች ይለዩ። አንደኛው ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥቶ በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በፍቼና በጎሃ ጽዮን አድርጎ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ሁለተኛው በላምበረት፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይገባል፤ ከዚያ በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ኮምቦልቻና ደሴ ይዘልቃል። ላሊበላ ለሚሄድ ሁለቱም ያደርሱታል፤ በወልድያም በደብረ ታቦርም በኩል ጋሸና ላይ ይገናኛሉ።

2. የእያንዳንዱን ክፉ ቦታ አስቀድመው ይወቁ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ከድልድዩ በኋላ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። በዝናብ ጊዜ ከገደሉ ድንጋይና አፈር ይወርድበታል። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ በክረምት ጭጋጉ የፊት መኪናን እስከ መሰወር ይደርሳል።

3. ሰዓቱን ከቁልቁለቱ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። የደጋው የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነክረው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ዓባይ በረሃንም ሆነ ጣርማ በርን ከቀትር በፊት እንዲያልፉ አድርገው ከቤት ይውጡ። ዘግይተው ከሆነ ፍቼ ወይም ደብረ ብርሃን ይደሩ።

4. ጠዋት ይጠይቁ። ትናንት ያለፈ ሰው የተናገረው ለዛሬ አያገለግልም። የሚትዎሮሎጂ ትንበያ ይስሙ፤ መናኸሪያ ወርደው በዚያው ጠዋት ከገቡ ሹፌሮች ይጠይቁ፤ በመንገዱ ላይ ላለ ዘመድ ይደውሉ።

5. የጸጥታውን ነገር ከዝናቡ እኩል ይመዝኑ። ሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ መታገታቸው አይዘነጋም። መንገድ ተዘግቷል ከተባለ ወይም ወሬው ካልጠራ ጉዞው ይቅር።

ያድርጉ

• ከመነሻው በፊት የፍሬን ሸራውን፣ ጎማውን፣ ስኮርታውን፣ መብራቱንና የዝናብ መጥረጊያውን ያስፈትሹ። ክሪክ፣ መጎተቻ ገመድ፣ ባትሪ፣ ደረቅ ምግብና የመጠጥ ውሃ ይያዙ።

• ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረዱ። ሞተሩ መኪናውን ሲይዝ ፍሬኑ ያርፋል። የተቃጠለ ሽታ ከሸተተዎት ሰፊና ደረቅ ቦታ ላይ ቆመው፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገው በራሱ እስኪበርድ ይጠብቁ።

• በጭጋግ ውስጥ አጭር መብራት ያብሩ፤ ረጅሙ ጭጋጉ ላይ ነጥሮ የራስዎን ዓይን ያሳውራል።

• ንጋት ላይ ሽሮ ሜዳና አዲሱ ገበያ አካባቢ ቀስ ይበሉ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ጀርባቸው ጎብጦ፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው፤ መኪና ቢመጣ ፈጥነው ዞር ማለት አይችሉም። ኩሬ ሲያገኙ ፍጥነት ቀንሰው ይለፉ፤ በጭቃ የተረጨ ልብስ ያለቅያሪ ሙሉ ቀን የሚለበስ ሊሆን ይችላል።

• የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና የፖሊስ 991 በሁሉም ተጓዥ ስልክ ላይ ይመዝገቡ።

አያድርጉ

• በዜሮ ማርሽ ቁልቁለት አይውረዱ። የሚተርፈው ነዳጅ የሰው ሕይወት አያህልም።

• በጋለ ፍሬን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይድፉ፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

• ለማደርም ሆነ ለመሽናት ሲቆሙ ከአስፋልቱ ወደ ሣሩ ዘው አይበሉ። የሱሉልታ ሜዳ መረሬ አፈር ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ጭቃ ነው፤ የተጫነ መኪና ከዋጠ ያለ ትራክተር አይለቅም። ወንዝ ዳርና ገደል ሥርም አይደሩ፤ ከተማ ውስጥ፣ ጥበቃ ያለው ግቢ ጠይቀው ይደሩ።

• መኪና ውስጥ ከሰል አያስገቡ፤ መስኮት ዘግተው ሞተር እያስነሱም አይተኙ። የደብረ ብርሃን ብርድ ቢከብድም ብርድ ልብስ ይጨመር እንጂ እሳት አይጨመር። የከሰልም ሆነ የሞተር ጭስ የሚገድልበት ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል።

• መንገድ ያቋረጠ ጎርፍን አይሞክሩ። ደፍራሽ ውሃ ሥር አስፋልቱ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ሌላ መኪና ስላለፈ እርስዎም ያልፋሉ ማለት አይደለም።

• ናዳ በወረደበት ቦታ አይሰብሰቡ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ሁለተኛ ናዳ ወርዶ፣ በጠቅላላው ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ርቀው ቆመው ለፖሊስ ይደውሉ፤ ከኋላ የሚመጣውንም መኪና ያስቁሙ።

ለጉዞ አስተባባሪዎች

የመንገድ ምርጫ የሹፌሩ ብቻ አይደለም። «ቅዳሴ ያመልጠናል»፣ «ሌሎቹ ቀደሙን» እያለ የሚያጣድፍ ተሳፋሪ ጥሩውን ሹፌር ሳይቀር ያሳስተዋል። ስለዚህ ገንዘብ ሲሰበሰብ ሦስት ነገር አብሮ ይነገር፦ ቀኑ ሊለወጥ፣ መንገዱ ሊቀየር፣ ጉዞውም ሊቀር እንደሚችል። ከመኪናው ባለቤት ጋር ሲዋዋሉም መዘግየት ሹፌሩን እንዳያስቀጣ፣ ዝናብ ከያዘው አድሮ መሄድ እንደሚችል በጽሑፍ ይስፈር። ትርፍ ሰው ለመጫን የሚጠይቅ ዘመድ ቢመጣም አስተባባሪው እንቢ ይበል። ሹፌሩ «አናልፍም» ሲል ቀድሞ «ልክ ነህ» የሚለው አስተባባሪው ይሁን።