«ሁለት ዓመት ሆነኝ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

ይህችን አጭር ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የራሴው ስህተት ነው። ልደታ አካባቢ በየቤቱ እየዞርኩ ልጆችን እንግሊዝኛ ማስጠናት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ሳለ፣ ለአንድ የማስተማር ሥራ ቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። ስለ ልምዴ ስጠየቅ «አይ ቶት ፎር ቱ ዪርስ» ብዬ መለስኩ። ጠያቂው «ዋይ ዲድ ዩ ስቶፕ?» አሉኝ። እኔ እንኳን ልተወው፣ የዚያኑ ዕለት ማታ ተማሪ ይጠብቀኝ ነበር! ደንግጬ ተንተባተብኩ፤ ሥራውም አመለጠኝ።

ስህተቱ የመጣው ከአማርኛችን ነው። እኛ ገና ላላለቀ ነገርም «ሁለት ዓመት ሆነኝ» እንላለን። «ሆነኝ» ቅርጹ ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ትርጉሙ ግን እስካሁን ይደርሳል። በእንግሊዝኛ ግን «ቶት» ካልን ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነው። «አይ አም ቲቺንግ ፎር ቱ ዪርስ» ማለትም አያዋጣም፤ ያለፈውን ጊዜ ከአሁኑ ጋር አያገናኝም።

ቀደም ብሎ ተጀምሮ አሁንም ለሚቀጥል ድርጊት የሚያገለግለን ፕሬዘንት ፐርፌክት ኮንቲኒዩስ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ»፣ ቀጥሎ «ቢን»፣ ከዚያ መጨረሻው «ኢንግ» የሆነ ግሥ። እናም መልሴ «አይ ሃቭ ቢን ቲቺንግ ፎር ቱ ዪርስ» መሆን ነበረበት።

ሦስት ነገር ልብ በሉ፦

1. «ፎር» የጊዜውን ርዝመት፣ «ሲንስ» መነሻውን ይናገራል።

2. ከ«ሲንስ» በኋላ ዓመተ ምሕረቱን ቀይሩ። በልደታ የሚያልፈው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። «ዘ ትሬን ሃዝ ቢን ራኒንግ ሲንስ 2008» ብንል ለውጭ አገር አንባቢ ሰባት ዓመት ጨመርንበት፤ ትክክሉ «ሲንስ 2015» ነው።

3. እንደ «ኖው» እና «ቢሊቭ» ያሉ ግሦች «ኢንግ» አይወዱም። የአሥር ዓመት ጓደኛችንን ስናስተዋውቅ «አይ ሃቭ ኖውን ሂም ፎር ቴን ዪርስ» እንላለን እንጂ «ሃቭ ቢን ኖዊንግ» አንልም።

እኔ አሁን አፌን ከመክፈቴ በፊት «አሁንስ?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ድርጊቱ አሁንም ካለ «ሃቭ ቢን» አይቀርም። እናንተም ሞክሩት፤ እንደኔ ሥራ እስኪያመልጣችሁ አትጠብቁ።